ፍሊፐራችንን ላስነሣልን ልጅ፣ እጁ ይባረክ

ጎንደሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚሠራላችሁ ሰው ካስፈለጋችሁ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ።

አባቴ ፒያሳ ቡና ቤት በነበራቸው ጊዜ የተረፈ ፍሊፐር፣ ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት መጫወቻ ማሽን፣ ቤታችን አለ። የቺካጎው ጎትሊብ ሥራ ነው፤ ኳሷን በመቅዘፊያ መምታትን በ1947 እ.ኤ.አ. የጀመረው ያው ፋብሪካ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም፤ ሆዱ ሲከፈት ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ሞተርና ሽቦ ብቻ። ከዓመት በላይ ሞተሩ ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ ኳስ አልሰጥ አለ። መጀመሪያ ያየው ሰው (ስሙን አላነሣም) ፊውዙን በሽቦ ጠምዝዞ «ከእንግዲህ አይቃጠልም» ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ነው፤ ፊውዙ አይቃጠልም፣ ቤቱ ነው እንጂ።

ይሄኛው አዘዞ ወፍጮ ቤቶችን እየዞረ የሚጠግን ነው። ገና ክዳኑን ሳይከፍት «ጋሼ፣ የሽቦ መስመሩ ሥዕል የታለ?» አለኝ። ሣጥኑ ውስጥ ታጥፎ የኖረ ጠረጴዛ የሚያህል ወረቀት ነበር፤ እኔማ መጠቅለያ ይመስለኝ ነበር። ወለሉ ላይ ዘረጋውና ግማሽ ሰዓት አንድ ሽቦ ሳይነካ በጣቱ ሲከተል ቆየ። «የወፍጮ ቦርድ ያነበበ ሰው ይሄ አይከብደውም» አለ።

ቁጭ አድርጎ አሳየኝ። እያንዳንዱ መስመር ከትራንስፎርመሩ አንድ ጫፍ ተነሥቶ በኮንታክቶች (በሚነካኩና በሚላቀቁ የብረት ጫፎች) አልፎ፣ ኮይል (ኤሌክትሪክ ሲገባበት እንደ ማግኔት የሚስብ የሽቦ ጥቅል) ነክቶ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ያርፋል፤ መሰላል በሉት። የሚያምታታው፣ የሪሌው ኮይል አንድ ጥግ ላይ ተሥሎ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ኮንታክቶች ወረቀቱን ሞልተው መበታተናቸው ነው። ዝምድናቸው የሚታወቀው በፊደላቸው ብቻ ነው። የሽቦው ቀለም ደግሞ አጠገቡ ተጽፏል።

ከዚያ ነጥብ የሚያሳዩትን ባለ ቁጥር ጎማዎች እያየ «ይሄ 7 ላይ የቆመው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬ ልብ አላልኩትም! ማሽኑ አዲስ ጨዋታ የሚሰጠው ጎማዎቹ ሁሉ ዜሮ ሲገቡ ነው፤ ለዚህኛው ጎማ የኤሌክትሪክ ምት የሚያደርሰው ኮንታክት ጠቁሮ ስለነበር ሞተሩ እሱን ሲጠብቅ ይዞራል። ብርጭቆ ወረቀት ባመጣለት ተቆጣኝ፤ የኮንታክቱን ፊት ይልጠዋል አለ። ወፍራም ወረቀት አልኮል ነክሮ በመሃሉ ሳበው፣ አለቀ።

ስለ መቅዘፊያውም መከረኝ። ወደ ላይ ሲነሣ ጫፍ ላይ የሚላቀቅ ኮንታክት አለ፤ ካልተላቀቀ ኃይሉ አይቀንስም፣ ኮይሉ ይከስላል። ፊውዙንም በልኩ ቀየረልኝ። የጠየቀኝን ዋጋ ስሰማ አፈርኩ፣ ጨምሬ ሰጠሁት።

አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ቀጠሮ አያከብርም። ጠዋት ብሎ ማታ ነው የመጣው። ግን ሲመጣ ይሠራል።

ስልኩን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ከጥምቀት በፊት ጥሩት፤ ያን ሰሞን ሆቴሎቹ ይሻሙበታል።