ራምቦ ቤት ወይስ ሸሪፍ ሙዚየም?

በግንብ በታጠረችው በአሮጌዋ ሐረር፣ በጀጎል ውስጥ ያላችሁ ጊዜ ለአንድ ሙዚየም ብቻ የሚበቃ ከሆነ የቱን ትመርጣላችሁ? ሁለቱም ያረጁ ፎቅ ቤቶች ናቸው፤ ሁለቱም ላይ የህንድ እጅ ይታያል።

ራምቦ ቤት በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም ይጠራል። ሰውየው ሐረር ላይ ቡናና መሣሪያ ሲነግድ እንደነበር እውነት ነው። እዚህ ቤት ውስጥ መኖሩ ግን ያጠራጥራል፤ እሱ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ ቤቱን ደግሞ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ በኋላ እንዳሠራው ይነገራል። ይሁን፤ ቤቱ በራሱ ያምራል። ጣሪያው በሥዕል ተሞልቷል፣ መስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት ናቸው፣ ከላይ ሆናችሁ ከተማዋን ቁልቁል ታያላችሁ። የድሮዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶዎችም አሉ። ፎቶ ማንሳት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ሸሪፍ ሙዚየም ያለው ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውስጥ ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ዓመታት ለቅመው የሰበሰቡት ነው፣ መጀመሪያም የከፈቱት በገዛ ቤታቸው ነበር። ጎራዴው፣ ጌጣጌጡ፣ የሐረር አሚሮች ያስመቱት ሳንቲም፣ ስፌቱ ሁሉ አለ። እኔን የሚይዘኝ ግን የእጅ ጽሑፉ ነው። የተበሉ የቁርዓን ገጾች ይጠገናሉ፣ በድሮው የሐረር አሠራር በቆዳ ይደጎሳሉ።

ራምቦ ቤት ቶሎ ታይቶ ያልቃል። ሸሪፍ ጋ ግን አስጎብኚ ያዙ፤ ያለ ማብራሪያ ግማሹ ያመልጣችኋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ምርጫዬ ሸሪፍ ነው።