የ1957ቱ ቤል ኤር ወይስ የ1965ቱ ሙስታንግ? ሁለቱንም ነድቼ

ሁለቱንም ነድቻቸዋለሁ፣ ከስራቸውም ተኝቼ አይቻቸዋለሁ። አንዱ ባለ አራት በር ሸቭሮሌ ቤል ኤር ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1957። ሌላው የ1965 ፎርድ ሙስታንግ። ሁለቱም ባለ 8 ሲሊንደር ሲሆኑ ሞተራቸው 4.6 እና 4.7 ሊትር ገደማ ስለሆነ በጉልበት ብዙ አይበላለጡም።

ቤል ኤር ላይ ነዳጅ ልትሞሉ ስትሉ መጀመሪያ ክዳኑን ታጡታላችሁ። በግራው የኋላ ክንፍ ጫፍ፣ ከሚያብረቀርቀው ጌጥ ጀርባ ተደብቋል፤ ጌጡን ሳብ ስታደርጉት እንደ ትንሽ በር ይከፈታል። እንዲህ ያለ ነገር ለማሰብ ጊዜ የነበራቸውን ሰዎች እወዳቸዋለሁ። የፊት ወንበሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ስለሆነ ሦስት ሰው ይይዛል፣ ማርሹም መሪው ላይ ነው።

ፍሬኑ ግን አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነው፣ ማለትም ከጎማው ጋር በሚዞር ከበሮ ውስጥ ሸራ እየተጫነ የሚያቆም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይላላል፣ ስለዚህ ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ። ዝናብ መጥረጊያውን ደግሞ አደራ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ፈልጉ። ሌላው ዓይነት የሚንቀሳቀሰው ሞተሩ በሚስበው አየር ነው፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ስበቱ ይደክምና መጥረጊያው መስታወቱ ላይ ይለግማል።

ሙስታንግ በኤፕሪል 1964 ሲወጣ መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር፤ ከስሩ ያለው አካል በአብዛኛው ከርካሹ ፎርድ ፋልከን ስለተወሰደ ነው ያን ያህል የረከሰው። ከቤል ኤር ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሚያጥር ጠባብ ቦታ ላይ ማዞሩ ደስ ይላል። የኋላ ወንበሩ ለልጆች ነው።

ሙስታንግ ልትገዙ ካሰባችሁ ቀለሙ አያታላችሁ። ከፊት መስታወቱ ስር ባለው የአየር ማስገቢያ ላይ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱና ገብታችሁ የእግር ምንጣፉን ዳብሱ። ከረጠበ ውስጡን ዝገት በልቶታል ማለት ነው፤ ለመጠገን የላሜራው ብየዳ አንድ በአንድ ይፈታል። ፖርቶባጋሊዮውንም ክፈቱ፤ ወለሉ ራሱ የነዳጅ ሰልባቲዮው ጣሪያ ነው፣ እዚያ ላይ ዝገት ካያችሁ አትደራደሩ።

ብቻዬን ለመንዳት ሙስታንግ ይበቃኛል። አንዱን ብቻ አስቀር ብባል ግን ቤል ኤርን ነው የማስቀረው። እህቴን ከኋላ አሳፍሬ ሩቅ መንገድ ስሄድ፣ እግሯን ዘርግታ ግማሹን መንገድ በእንቅልፍ ጨርሳዋለች።