ኮምፒውተራችንን ወደ ሊኑክስ ላዛወሩልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

የቤታችንን ኮምፒውተር ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ (ዊንዶውስን ወደሚተካ ሌላ ስርዓተ ክወና) ላዛወሩልን ባለሙያ ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ፣ ተመሳሳይ ሥራ ማሠራት ለምትፈልጉም እሳቸውን ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ኮምፒውተሩ ብልሽት አልነበረበትም፤ ነገር ግን የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በማብቃቱ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ማሽናችን የሌለውን ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ የቀረን ምርጫ ደህናውን ዕቃ ጥሎ ሌላ መግዛት ወይም ስርዓተ ክወናውን መቀየር ነበር።

ፎርማት ለማድረግ የሚቸኩል ባለሙያ ብዙ ነው። እኚህ ግን አንድም ነገር ከመንካታቸው በፊት እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በኮምፒውተሩ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ፤ ቀጥሎም ሊኑክስ ሚንት የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ከፍላሽ ላይ አስነስተው፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭኑ፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ፕሪንተሩንና ዋይፋዩን አንድ በአንድ ፈተሹ። ዋይፋዩ አልሠራ ሲል በኬብል ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተው ተገቢውን ድራይቨር (ዕቃውን ከስርዓቱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አገኙለት። ፋይሎቻችንን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከገለበጡ በኋላም፣ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ በትክክል እንደሚከፈት እኛው አይተን እስክናረጋግጥ ድረስ ዊንዶውስን ለማጥፋት ፈቃደኛ አልሆኑም።

ይበልጥ ያስደሰተኝ ሊኑክስ የማይችለውን ሳይደብቁ መናገራቸው ነው። ፎቶሾፕም ሆነ የማይክሮሶፍት ኦፊስ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ለሊኑክስ ተብለው እንዳልተሠሩ፣ መተዳደሪያው በእነዚህ ላይ የቆመ ሰው ሁለቱን ስርዓቶች ጎን ለጎን ቢያስጭን እንደሚሻለው አስረዱን። በሊኑክስ ላይ ኦፊስን የሚተካው ሊብሬኦፊስ የዎርድ ሰነዶችን ቢከፍትም፣ ሠንጠረዥ የበዛባቸው ላይ አሰላለፉ ሊዛባ እንደሚችል በገዛ ሰነዳችን አሳዩን።

የእኔ ትልቁ ስጋት አማርኛ ስለነበር ብዙውን ጊዜ የወሰዱት በእሱ ላይ ነው። አይባስ በተባለው ፕሮግራም በኩል የአማርኛ ኪቦርዱን አስገብተው፣ እንደ ድምፁ እየጻፍን እንድንለማመድ አደረጉ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉት የቆዩ ሰነዶቻችን የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት ሆነው ሲታዩም፣ ፎንቶቹን ከመጠባበቂያው ቅጂ ፈልገው በመጫን ዳግም እንዲነበቡ አድርገዋል። ይህን ያህል ጥንቃቄ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልጠበቅሁም ነበር።

ሥራው ሲያልቅ የይለፍ ቃሉን ራሳችን እንድናወጣ አደረጉ፤ እሳቸው እንዲያውቁትም አልፈለጉም። ማሻሻያ ሲመጣ እንዴት እንደሚጫንና ስርዓቱ ቢበላሽ ታይምሺፍት በተባለ መሣሪያ እንዴት ወደ ነበረበት እንደሚመለስ አሳዩን፤ ይህ መሣሪያ በተለመደው አሠራሩ የስርዓቱን ፋይሎች እንጂ የግል ሰነዶችን ስለማያስቀምጥ፣ ለሰነዶቻችን የተለየ ቅጂ መያዝ እንዳለብንም አሳሰቡ። ቅሬታ ካለኝ ማብራሪያቸው አንዳንዴ መርዘሙ ብቻ ነው፤ ለሚቸኩል ሰው ላይመች ይችላል።

አድራሻቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ስማቸውን አልጠቀስሁም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ፤ ከመቅረባችሁ በፊት ግን የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞችና የፕሪንተራችሁን ሞዴል ጽፋችሁ ብትይዙ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነውና።