ፒያሳ ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ማደን ጌሙና የኔ ቀዳዳ ዲፌንስ

ደሴ ፒያሳ ፎቅ ላይ ስላለ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው የምጽፈው። ስሙን አልጠራም፣ የምወቅሰው ነገር አለኝ፣ ባለቤቱ ደሞ ጥሩ ልጅ ነው። እዚህ ከተማ የገባሁበት ቤት ሁሉ ፊፋ ፊፋ ነው፣ እዚህ ግን አንድ ማደን 24 ሲዲ አለ፣ የአሜሪካ ፉትቦል፣ ያ ሄልሜት አርገው የሚጋጩት። ከኔና ከኮምቦልቻው ጓደኛዬ ሌላ የሚነካው ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ሂሳቡ ሊያጣላን ነበር። ፊፋ በጌም ነው የሚከፈለው፣ ማደን አንዱ ጌም አርባ ደቂቃ ሲፈጅ ልጁ ፊቱ ጠቆረ፣ ኋላ በሰዓት 80 ብር ተስማማን። ሴቭ ያረግነውን አያጠፋብንም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ቡድንህን ከሲዝን ሲዝን እያስተካከልክ ነው የምትሄደው።

እኔ ፊላደልፊያ ኢግልስን ያዝኩ። ሲዲው ላይ ያለው የ2023ቱ ቡድን ነው፣ የእውነቱ ኢግልስ በዛ ሲዝን 10 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸንፎ ነበር የጀመረው፣ ከዛ ተንኮታኮተ፣ በአየር የሚወረወር ኳስ መከላከል ላይ ከሊጉ ጭራ አካባቢ ነበር። ጓደኛዬ ደሞ ካንሳስ ሲቲን ይዞ ኳርተርባኩን፣ ኳስ ወርዋሪውን ማሆምስን ያስወረውራል። ሶስት ቅዳሜ በተከታታይ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ መጥቶ ቀጠቀጠኝ። እኔ ስናደድ ብሊትዝ እጠራለሁ፣ ስድስት ሰባት ሰው ኳርተርባኩ ላይ እለቃለሁ፣ እሱ ቶሎ ይወረውራታል፣ ኮርነሬ (ዳር ላይ የሚከላከለው) ብቻውን ከሪሲቨሩ (ከኳስ ተቀባዩ) ኋላ ኋላ ሲሮጥ አያለሁ፣ አለቀ፣ ተችዳውን፣ ገባብኝ ማለት ነው።

ባለቤቱ ማደን ምኑም አይገባው፣ አንድ ቀን ግን ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ወንድሜ ሁሉም ከወጣ ቤቱን ማን ይጠብቃል» አለኝ። ሳቅኩ፣ ግን ሞከርኩት። ከቨር ቱ የሚባለውን አከላከል መጥራት ጀመርኩ፣ አራት ሰው ብቻ ይገፋል፣ ሰባቱ ኋላ ይቀራል፣ ሁለቱ ሴፍቲዎች (መጨረሻ ላይ የሚቆሙት ተከላካዮች) ጥልቁን ሜዳ ግማሽ ግማሽ ይካፈሉታል። ቀዳዳ አለው፣ አንዱ በሁለቱ ሴፍቲ መሃል፣ ሌላው መስመሩ ጋ ከኮርነሩ ጀርባ ከሴፍቲው ፊት፣ ጓደኛዬ ይቺን በአንድ ቅዳሜ አገኛት። የዛኔ ከቨር ስሪ እቀይርበታለሁ፣ ኋላ ሶስት ታች አራት። ደሞ ያ ሁሉ የሚሰራው አራቱ ገፍተው ሲደርሱ ነው፣ ኳርተርባክ አምስት ሰከንድ ቆሞ ከተመለከተ የፈለከውን ዞን (ቦታ ተካፍሎ መከላከል) ጥራ ሪሲቨር ይከፈታል።

የእውነቱ ኢግልስም በ2024 ቪክ ፋንጂዮ የሚባል አንጋፋ የዲፌንስ አሰልጣኝ አምጥቶ የድራፍቱን (ቡድኖች አዳዲስ ልጆች የሚመርጡበትን) የመጀመሪያ ሁለት ምርጫ ኋላ ለሚጫወቱ ልጆች ሰጠ፣ ኩዊንዮን ሚቼልና ኩፐር ዲጂን። ፌብሩዋሪ 2025 ሱፐር ቦውል ላይ፣ የሊጉ ፍጻሜ ጨዋታ ላይ፣ ይሄንኑ ካንሳስን 40 ለ 22! በኛ ከለሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው የጀመረው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልክ አየሁት። አንድም ብሊትዝ ሳይጠሩ ማሆምስን 6 ጊዜ ሳክ አደረጉት፣ ኳሷን ሳይወረውር ጣሉት፣ ዲጂን በገዛ ልደቱ ቀን ኳስ ጠልፎ 38 ያርድ ሮጦ አገባ። ጓደኛዬ ሳምንት ሙሉ ስልኬን አላነሳም።

ወቀሳዬ ጆይስቲኩ ላይ ነው። የአንዱ ትሪያንግል አይሰራም። ማደን ላይ ዲፌንስ ስትሆን ከቨሬጅ (የኋላ ጥበቃውን) የምታስተካክለው በሷ፣ ኳስ አየር ላይ ስትሆን የምትጠልፈውም በሷ፣ ስለዚህ ያ ጆይስቲክ የደረሰው ሰው በስኩዌር መትቶ መጣል እንጂ ኢንተርሴፕሽን የሚባል ነገር አያውቅም። ስነግረው «አብሽር ነገ ይሰራል» ይለኛል፣ ነገው ሁለት ወር ሞላው። መስኮቱም በደንብ አይዘጋም፣ የጦሳ ብርድ ቀጥታ ጣትህ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የለም፣ ግን የቀረችህን ደቂቃ ደብተር ላይ ጽፎ ይይዝልሃል፣ አንድ ቀን እንኳን አልካደኝም፣ ቡና ከተፈላም ጀባ ይልሃል።

ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷ የትሪያንግሏ ናት። ከሄዳችሁ በቀኝ በኩል ያለውን ወንበር ያዙ ደህናው ጆይስቲክ እዛ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን የኔ ነው።