ሲም የሚገባበት ራውተር ስትገዙ፦ ባለ 2 አንቴና 4ጂ፣ ባለ 4 አንቴና 4ጂ ወይስ 5ጂ?

የቤት ራውተር ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ከላይ የቆሙትን አንቴናዎች ነው። እነሱን አትቁጠሩ። አንዳንዶቹ የዋይፋይ ብቻ ናቸው፣ ከኔትወርክ ማማው ጋር ምንም አያገናኛቸውም። ፍጥነታችሁን የሚወስነው ራውተሩ ማማውን በስንት አንቴና እንደሚሰማና የሰማውን ምን ያህል አጥርቶ መልሶ እንደሚነግረው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማማው የታወቀ የመለኪያ ምልክት ይልካል፣ ራውተሩ ይለካዋል። የለካውን ሁሉ ቢልክ ግን መስመሩ በሪፖርት ብቻ ይጨናነቃል። ስለዚህ ሁለቱም አስቀድመው የሚያውቁት ዝርዝር አለ፤ ኮድቡክ ይባላል። ራውተሩ ማማው ሲግናሉን እንዴት ቢልክለት እንደሚሻል የሚናገረውን ቁጥር ብቻ ከዝርዝሩ መርጦ ይልካል። ጫማ ስታዝዙ የእግራችሁን ቅርጽ ሳይሆን «42» ብላችሁ እንደምትናገሩት ማለት ነው። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ ደግሞ ልክክ የሚል ነገር አይገኝም።

ርካሹ ካት 4 የሚባለው 4ጂ ራውተር ነው። ሁለት መቀበያ አንቴና አለው፣ ወረቀት ላይ እስከ 150 ሜጋቢት በሰከንድ ይደርሳል። ማማው በሁለት አንቴና ሲልክለት አንድ የዳታ ጅረት (በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ከሚላኩት የዳታ መስመሮች አንዱ) ብቻ ከሆነ ከ4 ምርጫ፣ ሁለት ጅረት ከሆነ ከ2 ምርጫ አንዱን ይጠቁማል። አለቀ። ማማው ቅርብ ከሆነና ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ይበቃል፣ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

ባለ 4 አንቴናው 4ጂ ግን ሰው ንቆት የሚያልፈው ጥሩ ዕቃ ነው። ማማው በ4 አንቴና የሚልክ ከሆነ የመጀመሪያው የ4ጂ ኮድቡክ 16 ምርጫ ይሰጠዋል፣ እስከ አራት ጅረትም ሊቀበል ይችላል። ማማው ባለ 2 ቢሆን እንኳ አራት አንቴና ደካማ ሲግናልን ከሁለት በተሻለ ይሰማል። ከማማ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነና ሰፈራችሁ 5ጂ ከሌለው እኔ ይሄን ነው የምመርጠው።

ወደ 5ጂ እንምጣ። ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ላይ 5ጂን በሙከራ የጀመረው በግንቦት 2014 ነው፣ ግን ሽፋኑ ሁሉም ሰፈር የለም፤ መጀመሪያ በስልክ ቤታችሁ ውስጥ አረጋግጡ። ካለ ልዩነቱ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የመጀመሪያው የ5ጂ ስታንዳርድ፣ ሪሊዝ 15፣ ታይፕ 1 የሚባለው ኮድቡክ ለባለ 16 ወደብ (መላኪያ) ማማ (4 በ2 ተደርድሮ፣ በሁለት ፖላራይዜሽን፣ ማለትም በሁለት የሞገድ አቅጣጫ) በአንድ ጅረት ብቻ 512 ምርጫ አለው። ታይፕ 2 ደግሞ አንድ ጨረር (ማማው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያነጣጥረው ሲግናል) መርጦ አያቆምም። ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ጨረሮችን ከነጥንካሬያቸው ቀላቅሎ ይነግራል፣ ሪፖርቱም በመቶዎች የሚቆጠር ቢት ይሆናል። ሪሊዝ 16 ይሄንኑ ጨምቆ አሳነሰው፣ ለአራት ጅረትም እንዲሠራ አደረገው። ትልቁ ጥቅሙ ማማው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያስተናግድ ነው፤ የእናንተን ጨረር ከጎረቤት ጨረር ለይቶ ይልካል። ሪፖርቱ በእንቅስቃሴ ቶሎ ያረጃል፣ የቤት ራውተር ግን ተቀምጦ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ከስልክ ይልቅ ለእሱ ይመቻል።

ለታይፕ 2 ብላችሁ ብዙ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ይሄን እወቁ። ታይፕ 1 ግዴታ ነው፣ ታይፕ 2 ግን አምራቹ ከፈለገ የሚያስገባው ነው። ኦፕሬተሩም ካልከፈተው ዝም ብሎ ይቀመጣል። በተጨማሪ ኤን78 በሚባለው የ3.5 ጊጋኸርትዝ ባንድ መላኪያና መቀበያው አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው። ስለዚህ ማማው ሪፖርት ሳይጠብቅ ራውተሩ ከሚልከው ምልክት ራሱ መለካት ይችላል። እዚህ ባንድ ላይ ከታይፕ 2 ይልቅ መጀመሪያ የምትፈልጉት ኤስአርኤስ 1ቲ4አር ወይም 2ቲ4አር የሚል ጽሑፍ ነው፤ ኤስአርኤስ ይሄው ራውተሩ የሚልከው ምልክት ነው፣ በአራቱም አንቴና እያፈራረቀ ይልከዋል ማለት ነው። ይሄ ከሌለ ማማው የሚያውቀው አንዱን ወይም ሁለቱን አንቴና ብቻ ነው። ከማማ በጣም ከራቃችሁ የራውተሩ ምልክት ስለሚደክም ኮድቡኩ እንደገና ዋጋ ያገኛል። መላኪያና መቀበያው በሚለያዩባቸው እንደ 1800 እና 2100 ሜጋኸርትዝ ባሉ ባንዶች ደግሞ ዋናው መንገድ የኮድቡክ ሪፖርቱ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ሬድካፕ (አቅሙ የተቀነሰ 5ጂ) የሚል ራውተር ዋጋው ይማርካል። አንቴናው ግን 1 ወይም 2 ነው፣ በእነዚህ ባንዶች የሚይዘውም ቢበዛ 20 ሜጋኸርትዝ ነው። ሙሉው 5ጂ በኤን78 ላይ 4 መቀበያ እንዲኖረው ግዴታ አለበት፣ እስከ 100 ሜጋኸርትዝም ይይዛል። ለቤተሰብ ኢንተርኔት ብላችሁ ሬድካፕ አትግዙ፣ ከዚያ ጥሩ ባለ 4 አንቴና 4ጂ ይሻላል።

የውጭ አንቴና የምትጨምሩ ከሆነ ሁለት ገመድ ያለውን፣ ውስጡ በ45 ዲግሪ ግራና ቀኝ የተጋደመውን ያዙ። ሁለቱንም ገመድ ሰኩ። አንዱን ብቻ ከሰካችሁ ባለ ሁለት ጅረቱ ወደ አንድ ሊወርድ ይችላል።

ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ሲም አስገቡና የራውተሩን ገጽ ክፈቱ። ሲንር (SINR፣ ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ) የሚለው ከ20 ዲሲቤል በላይ ከሆነ ሲግናሉ ንጹህ ነው። ራንክ (የጅረቱ ብዛት) የሚል ካለ 1 ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር እዩ፤ ራውተሩን መስኮት አጠገብ አዙሩት፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ደግማችሁ እዩ። ሱቁ ውስጥ ጥሩ ያሳየው ቤት ላይ ላይደግመው ስለሚችል ሻጩ የመመለሻ ቀን ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።