ካቶ ካትዝ ኪት ከስምንት ወር በኋላ፦ ሀዋሳ ላይ ምን አየሁበት

ካቶ ካትዝ ሰገራ ውስጥ ያለ የትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ ታይቶ የሚቆጠርበት ዘዴ ነው። ኪቱን የገዛሁት ባለፈው ሐምሌ ነው። አሁን መጋቢት ገብቷል። የምሠራው ሀዋሳ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ነው። የገዛሁትም ከኪሴ ነው። የክሊኒኩን ባለቤት ሳማክራቸው "ሰገራ በስላይድ እያየሽ አይደል እንዴ? ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ። እኔም በልበ ሙሉነት "ከዚህ በኋላ ሁሉንም በዚህ ነው የምሠራው" አልኳቸው። ይሄን ንግግሬን አሁንም ሲያገኙኝ እየደገሙ ይስቁብኛል።

ዕቃው ብዙ የሚባል ነገር የለውም። መሃሉ የተበሳ የፕላስቲክ ቴምፕሌት፣ ደቃቅ የናይሎን ወንፊት፣ ስፓቱላና የሴሎፋን ጥቅል። በቃ። ካርቶኑን ስከፍት "ለዚህ ነው ያን ሁሉ ብር የሰጠሁት?" ብያለሁ። የልጅ መጫወቻ ነው የሚመስለው። ዘዴው ራሱ የቆየ ነው። ጃፓናዊው ካቶ እ.ኤ.አ. በ1954 ስላይድ ላይ በወፍራሙ የተቀባ ሰገራን በሴሎፋን ሸፍኖ ማየትን አስተዋወቀ። ብራዚላዊው ካትዝና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1972 ልክ ያለው ቴምፕሌት ጨምረውበት መቁጠሪያ አደረጉት። ስሙም ከሁለቱ መጣ።

ቁም ነገሩ ያለው ያቺ ቀዳዳ ላይ ነው። ሞልተሽ ስትልጊያት 41.7 ሚሊ ግራም ሰገራ ትይዛለች። ያየሽውን እንቁላል ቆጥረሽ በ24 ስታባዢ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ብዛት ይመጣል። በየቀኑ የምንሠራው ተራው ዌት ማውንት (ሰገራን በጠብታ ፈሳሽ በጥብጦ ስላይድ ላይ ማየት) ግን በቀጭን እንጨት ጫፍ ተነክቶ የሚወሰድ 2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ሃያ እጥፍ ልዩነት! ትምህርት ቤት ሁለቱንም ቁጥር ሸምድጄ ፈተና አልፌበታለሁ። ጎን ለጎን አስቀምጬ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት "ኖ ኦፒ ሲን" (እንቁላልም ጥገኛ ተሕዋስም አልታየም) እያልኩ ስፈርም የኖርኩት ስለዚያች 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ብስጭት ገና ሳልጀምር መጣ። ሴሎፋኑ ዝም ብሎ አይለጠፍም። በግሊሰሪን፣ በውሃና ማላካይት ግሪን በሚባል አረንጓዴ ቀለም ውህድ ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት መነከር አለበት። የሸጠልኝ ሰው "ሙሉ ነው፣ ምንም አይጎድለውም" ብሎኝ ነበር። ሶሉሽኑ የለም። ስደውል "እሱማ ለብቻው ነው" አለኝ። ግሊሰሪን ከፋርማሲ ገዛሁ። ማላካይት ግሪኑን አጥቼ ሰማያዊውን ቀለም ሜቲሊን ብሉን ከጓደኛዬ ተበደርኩ፣ እሱም ይሠራል። 100 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከ3 ፐርሰንቱ ቀለም 1 ሚሊ ሊትር። አንዴ ከተበጠበጠ ብዙ ቀን ያገለግላል። አሁን ማታ ከመውጣቴ በፊት የነገውን ሴሎፋን ቆርጬ እነክራለሁ። ሽሮ እንደሚያሰናዳ ሰው፣ ለምዶብኛል።

አሠራሩ ላይ እጅ እስኪፈታ ሁለት ሳምንት ወስዶብኛል። ያረጀ ጋዜጣ ላይ ሰገራው ይደረጋል፣ ወንፊቱ ከላይ ይጫናል፣ አልፎ የወጣው በስፓቱላ ይጠረጋል፣ ቀዳዳው ይሞላል። ቴምፕሌቱ ሲነሳ ስላይዱ ላይ ክብ ጉብታ ይቀራል። ሴሎፋኑን አልብሰሽ፣ ገልብጠሽ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ትጫኚዋለሽ። እኩል ካልተሰራጨ ዋጋ የለውም። መለኪያው ያው ጋዜጣው ነው፤ ስላይዱን ጽሑፍ ላይ ስታስቀምጪው ከሥሩ ያለው ፊደል መነበብ አለበት። እኔ "ጸ"ን ከ"ጻ" መለየት ካቃተኝ እደግመዋለሁ። በዚህ ሰበብ በስምንት ወር ውስጥ ያነበብኩት የቆየ የስፖርት ዜና ለጉድ ነው።

ኪቱ ዋጋውን ያወጣልኝ ጥቅምት ላይ ነው። ከአሞራ ገደል በኩል የመጣ ወጣት አሳ አጥማጅ ነበር። ሆዱን ያመዋል፣ አልፎ አልፎ ደም ያያል። "እህቴ፣ የትል መድኃኒት ሁለቴ ወስጃለሁ፣ አልተወኝም" አለኝ። የወሰደው አልቤንዳዞል ነው። ሌላ ቦታ ተመርምሮ ነጻ ተብሏል። እኔም ዌት ማውንት ሠራሁለት፣ ምንም የለም። በፊት ቢሆን እዚያው ላይ እፈርም ነበር።

ካቶውን አዘጋጅቼ በዝቅተኛው ሌንስ ከአንዱ ጥግ ጀመርኩ። አረንጓዴ መስሎ የሚታየኝ ሜዳ ሳይሆን ሰማያዊ ነው፣ ቀለሙን ስለቀየርኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ አንዱ ብቅ አለ። ረዘም ያለ፣ ሞላላ፣ ጎኑ ላይ እሾህ ያለው። እንዲህ ጎልቶ የሚታይ የጎን እሾህ ሌላ ማንም የለውም፤ የአንጀት ቢልሃርዝያ ነው፣ ሺስቶሶማ ማንሶኒ። ስላይዱን ስጨርስ 11 ሆኑ። በ24 ሲባዛ 264። የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ላይ ከ100 እስከ 399 ያለው መካከለኛ ነው። ከዚያ ወረቀት ላይ አንዲት ሒሳብ ሠራሁ። በአንድ ግራም 264 ከሆነ፣ በ2 ሚሊ ግራም ውስጥ የሚጠበቀው ስንት ነው? ግማሽ እንቁላል። ስለዚህ ዌት ማውንቱ ባያገኘው አይፈረድበትም። ያ ሌላ ቦታ የሠራውም ባለሙያ ላይ አልፈርድም፣ እኔም ያው ነበርኩ።

አልቤንዳዞል ደግሞ ቢልሃርዝያን አያድንም፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ልጁ "ታዲያ ሐይቁን ልተው ነው?" አለኝ። ምን ይባላል? በሽታው ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆዳ ነው የሚገባው፣ እሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ነው የሚቆመው። ሐኪሙ ጋ ላክሁት።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ኅዳር ላይ አንዲት ፊቷ የገረጣ እናት መጣች። ዌት ማውንቱ ላይ የመንጠቆ ትል እንቁላል አየሁ። "ብዛቱን ልቁጠር" ብዬ ካቶ አዘጋጀሁና ምሳ ወጣሁ። ወረፋም ስለነበረ ማይክሮስኮፑ ላይ የተቀመጥኩት ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ስላይዱ ጥርት ብሏል፣ አንድም የመንጠቆ ትል የለም። ግሊሰሪኑ ሰገራውን እንደሚያጠራው ሁሉ ቀጭኑን የመንጠቆ ትል እንቁላልም አጥርቶ ያጠፋዋል። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልተነበበ አለቀ። እንደኛ ከተማ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል። ዌት ማውንቱን አስቀድሜ ባልሠራ ኖሮ ያቺን ሴት "ነጻ ነሽ" ብዬ እሸኛት ነበር። ወስፋት፣ የጅራፍ ትልና ቢልሃርዝያ ግን ነገ ብትመጪም ይጠብቁሻል። ከዚያ ወዲህ ስላይዱ ጠርዝ ላይ የተሠራበትን ሰዓት በእርሳስ እጽፋለሁ። ምሳም ቆይቶ ይደርሳል።

ኪቱ ጨርሶ የማይሆንበት ቦታም አለ። ተቅማጥ። ቀጭን ሰገራ ቀዳዳው ላይ አይቆምም፣ ይፈሳል። የኛ ታካሚ ግማሹ ደግሞ በተቅማጥ የሚመጣ ሕፃን ነው። ጃርዲያና አሜባም በካቶ አይታዩም። እነሱን ለማየት ትኩስ ሰገራ፣ ሳላይን (የጨው ውሃ) እና አዮዲን ነው የሚያስፈልገው። ጃርዲያ እንደሚረግፍ ቅጠል እየተንሳፈፈ ሲሄድ ለማየት ናሙናው ገና እንደወጣ መድረስ አለበት፤ ቀጭን ከሆነ ግማሽ ሰዓት ነው ያለሽ። ለዚህ ነው እናቶችን ከቤት ይዘው የመጡትን ትቼ "እዚሁ ይሞክርልን" የምላቸው። አንዷ "ዶክተሬ፣ በባጃጅ እንዴት ተሳቅቄ እንዳመጣሁት ብታውቂ!" ብላኛለች። ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው ትልም በካቶ አይያዝም፤ ሰገራ ውስጥ የሚወጣው ላርቫው (እጩ) እንጂ እንቁላሉ አይደለምና።

"ታዲያ ፎርሞል ኤተር አይሻልም?" የሚለኝ የሥራ ባልደረባ አለ። ሰገራውን በፎርማሊንና በኤተር አሽከርክሮ ሲስቱንም (ጃርዲያና አሜባ በሽፋን ውስጥ ሲሆኑ ያለውን ቅርጽ) እንቁላሉንም አሰባስቦ ያሳያል፣ እውነት ነው። ግን ሴንትሪፊዩጅ (ማሽከርከሪያ ማሽን) ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል። ኤተሩ ደግሞ ጠባብ ክፍል ውስጥ ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይፈራል። ካቶ ከመብራት ጋር ጸብ የለውም። መብራት ሲሄድ መስተዋት ያለውን አሮጌውን ማይክሮስኮፕ መስኮት ጋ አውጥቼ እቀጥላለሁ።

ስለ ጥንካሬው ባጭሩ። ቴምፕሌቱ ምንም አልሆነም። ታጥቦ፣ በረኪና ውስጥ ቆይቶ፣ በደንብ ተለቅልቆ ይመለሳል። ወንፊቱ ግን ሦስተኛ ወር ላይ ጠርዙ ተቀደደ፣ ጥፋቱም የኔ ብሩሽ ነው። እሱን ማጠብ የዚህ ሥራ ሁሉ አስቀያሚው ክፍል ነው። ካልጠራ ደግሞ የአንዱ ሰው እንቁላል ለሌላው ይተርፋል። አሁን ቆራርጬ ለእያንዳንዱ ናሙና አንድ ቁራጭ ተጠቅሜ እጥላለሁ። ወጪ ነው፣ ግን እንቅልፍ ይሰጠኛል። የሻይ ማጥለያ ልትሞክሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት፣ ዓይኑ ሰፊ ነው፣ ቆሻሻውን ሁሉ ያሳልፋል።

ይገዛ ወይ? ታካሚው በብዛት ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ለሆነ ክሊኒክ አልመክርም። ሐይቅ ዳር ላለን ግን አዎ። እኔ አሁን ሁሉንም ናሙና በዌት ማውንት እጀምራለሁ። ካቶ የምጨምረው አሳ አጥማጅ፣ ሐይቅ የሚዋኝ ልጅ፣ ደም ማነስ ያለበትና "መድኃኒት ወስጄ አልተሻለኝም" የሚል ሲመጣ ነው። ከአንድ ሰገራ ሁለት ስላይድ እሠራለሁ፣ እንቁላሉ ሁሉም ቦታ እኩል አይበተንምና። በቀን ከአምስት አያልፍም። ከዚያ በላይ ከሆነ ዓይኔም ሰዓቱም አይበቁም።

አሳ አጥማጁ መድኃኒቱን ከወሰደ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። በሁለቱም ስላይድ ዜሮ። ውጤቱን ስነግረው "እንግዲህ ቡትስ ገዝቻለሁ" አለኝ። ሲወጣ አየሁት፤ ቡትሱን በእጁ አንጠልጥሎ በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው።