ቤልጅግ፣ ኤም ዋን ወይስ ሲሞኖቭ? መጀመሪያ ጥይቱን ጠይቁ

አባቴ ሲያርፍ ጣና ዳር ቁንዝላ ባለው ቤታችን አምስት ጠመንጃ ነበር። ጥይቱም አምስት ዓይነት። አንዱ በዝናር ተደርድሯል፤ አንዱ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ፤ አንዱ በእናቴ ሙዳይ ከቀለበቷ ጋር። የቀረው ጎተራ ሥር በጨርቅ ተቋጥሮ ተገኘ። የትኛው ጥይት የየትኛው ጠመንጃ እንደሆነ የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር። እሱም ሄደ።

እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ከዚያ ወዲህ ግን የቁንዝላና የአቸፈር ዘመድ ሁሉ አማካሪ ሆኛለሁ። «አያ፣ እኔ ጋ ሦስት አለ፤ የቱን ላስቀር?» «አያ፣ ምንሽሩን ሰጥቼ ክላሽ ልቀይር?» ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፦ ስለ ጠመንጃው ከማውራታችን በፊት ጥይቱ ስንት እንደሚገባ ንገረኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መሸጥም፣ መግዛትም ያስቀጣል። እኔም የአባቴን ወረቀት ይዤ ስሄድ «ይሄ የአባትህ ፈቃድ ነው፤ አንተ በራስህ ስም ታመለክታለህ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ፈቃድ ላለው፣ ወይም ፈቃድ እያወጣ ላለ ሰው ነው። ዋጋዎቹ በ2008 ከእኔና ከዘመዶቼ ኪስ የወጡ ናቸው። ቁጥሩን ተዉትና በመካከላቸው ያለውን ልዩነት እዩ።

አምስቱ እነማን ነበሩ? ውጅግራ፣ ቤልጅግ ምንሽር፣ የጣሊያን ጠመንጃ፣ ኤም ዋን እና ሲሞኖቭ። ሲሞኖቭ ያልኩት ኤስኬኤስ የሚባለውን ነው። ክላሽ እኛ ቤት አልነበረም፤ የአጎቴ ነው። ግን ሁሉም ስለሱ ስለሚጠይቅ እሱንም እጨምራለሁ።

ውጅግራውን ቶሎ እንለፈው። ፈረንሳዮች በ1874 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጡት ነው። ውጅግራ የሚለው ስምም ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» የመጣ ነው። ባለ 11 ሚሊ ሜትር እርሳስ፣ ጥቁር ባሩድ፣ አንድ ጊዜ ተኩሶ አንድ ጊዜ መጉረስ። ጥይቱ ገበያ ላይ የለም፤ አትፈልጉለት። ለደሴቶቹ ገዳማት ለአንዱ እቃ ቤት ልስጠው ብዬ አንድ አባት ጠይቄ ነበር። «ልጄ፣ እዚህ ዘውድና ብራና ነው የሚቀመጠው» ብለው ሸኙኝ።

የጣሊያኑም እንዲሁ ነው። ከወረራው ዘመን የቀረ፣ ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር። ስድስቱ ጥይት በአንዲት ቀጭን ማሰሪያ ብረት ታስሮ ነው የሚገባው። ያቺ ብረት ከጠፋች ጠመንጃው አንድ በአንድ የሚጎርስ ዱላ ይሆናል። የእኛዋ ጠፍታ ነበር። አስረክቤ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ደረሰኙ ከጠመንጃው የበለጠ ጠቅሞኛል።

አሁን ወደ ዋናው።

ቤልጅግን የማይወድ ጎጃሜ አላየሁም። እኔም እወደዋለሁ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤልጅግ ፋብሪካ ያስመጡት ማውዘር ነው። ብረቱ ብረት ነው፤ ሰደፉ እንጨት ነው። ርቆ ይመታል፤ ጥይት ነክሶ አይቆምም። እንዲህ እያልኩ ካወራሁ ግን እሱን ግዙ ልል ነው። አልልም።

ምክንያቱ ጥይቱ ነው። ባለ 7.92 ሚሊ ሜትሩን የቤልጅግ ጥይት አንዱን በ70 ብር ገዛሁ። በዚያው ሳምንት የሲሞኖቭና የክላሹ ጥይት 25 ብር ነበር። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የ70 ብሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። ከአያቶቻችን ጋር እኩያ ነው። ቀለሁ አንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው። ከአሥሩ ሦስቱ ቃታ ስትስቡ «ቀጭ» ብለው ዝም ይላሉ። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ከፍታችሁ እንዳታዩ! አፈሙዙን ወደ ባዶ ቦታ እንዳዞራችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። የአክስቴ ልጅ ቶሎ ከፈተና ቅንድቡ ላይ እስከ ዛሬ ምልክት አለው።

የታደሰ የሚባለው ጥይት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቀለሁ በሎሚና በአመድ ተፈትጎ እንደ ወርቅ ያበራል። ሃያ ገዛሁ። 1,400 ብር መሆኑ ነው። ቤት ገብቼ አንዱን እርሳስ በሁለት ጣቴ ይዤ ሳወዛውዘው እንደ ሕፃን ጥርስ ተነቃነቀ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው። ከቀለሁ ሥር ያለችውን ክብ ነጥብ ሳይ ከዚህ በፊት የተመታችበት ጠባሳ አለ። ስለዚህ የምትገዙት የሚያበራ ከሆነ ጠርጥሩ። ያረጀ ግን ያልተነካ ጥይት ደብዘዝ ያለ ነው። እርሳሱን ነቅንቁት፤ ሥሩን እዩ። ሻጩ «አትንካ» ካለ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ጠመንጃው ራሱም ይጭበረበራል። የይሁዳ አንበሳ ያለበት ቤልጅግ ከሌላው ማውዘር በዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ አንበሳ የሚቀርጽ ሰው ተፈጠረ። አንድ ጊዜ ያሳዩኝ አንበሳ ቁርጥ የጎረቤታችንን ውሻ ነበር የሚመስለው። ሻጩ አልተሸነፈም፤ «በበላይ ዘለቀ ጊዜ የዘመተ ነው» አለኝ። እስካሁን ካየኋቸው ሻጮች ከበላይ ዘለቀ ጋር ያልዘመተ ምንሽር የሚሸጥ አልገጠመኝም። ሰውየው ይሄን ሁሉ ጠመንጃ የት ይዞት ዞረ? ታሪኩን ትታችሁ ቁጥሩን እዩ። አካሉ ላይ ያለው ቁጥርና ጥይቱን የሚገፋው መዝጊያ ላይ ያለው ቁጥር ካልገጠሙ የሁለት ጠመንጃ ግጣሚ ነው። መዝጊያው በልኩ ካልገጠመ ቀለሁ ሲተኮስ ሊቀደድ ይችላል። የሚቀደደው ደግሞ ፊታችሁ አጠገብ ነው።

ኤም ዋንን በተመለከተ ቂም አለኝ። ጥሩ ጠመንጃ ነው። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምት ይዞት የሄደው ነው። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የእኔ ነው።

አባቴ ለኤም ዋኑ የተዉት አሥራ አንድ ጥይት ነበር። ልጨምርለት ብዬ አንዱን 90 ብር አሉኝ። ራሴን ያዝኩ። ከዚያ ሌላ ሰው «7.62 ነው፣ የኤም ዋን ነው፣ በ60 ልስጥህ» አለኝ። እኔ ብልጥ ነኝ። አርባ ገዛሁ፤ 2,400 ብር። ቤት ስገባ አንዱም አልገባም። ሥሩ ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው። ብሬን የምንለውን የመትረየስ ጥይት ነው የሸጠልኝ!

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 7.62 ማለት የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው እንጂ የጥይቱ ስም አይደለም። ቢያንስ አራት ዓይነት 7.62 በየቤቱ አለ። የክላሽና የሲሞኖቭ ቀለህ ርዝመቱ 39 ሚሊ ሜትር ነው። የጂ ስሪ 51 ነው። የብሬንና የድራጉኖቭ 54 ሆኖ ከንፈር አለው። የኤም ዋን 63 ነው። ከሁሉ አደገኛው የጂ ስሪው ነው። ከኤም ዋን ጥይት ያጥራል፤ ስለዚህ ኤም ዋን ውስጥ ሊገባ ይችላል። መግባት አለበት ማለት ግን አይደለም። የእኔ የብሬን ጥይት እንኳን አልገባ አለኝና በብር ብቻ ተረፍኩ። ማስመሪያ ኪሳችሁ ያዙ። የልጆቻችሁን ተበደሩ።

ኤም ዋንም የማሰሪያ ብረት ጥገኛ ነው። ስምንቱ ጥይት በአንድ ብረት ታስሮ ይገባል፤ ሲያልቅ ብረቷ «ጭንግ» ብላ ትወረወራለች። በቀን ትፈልጓታላችሁ። በማታ፣ ደንገል ውስጥ፣ ጭቃ ላይ ማን ያገኛታል? የእኛ ቤት ስድስት ነበረች። ሁለት ቀረች።

«ግን ርካሽ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው። ኤም ዋን 9,000 ብር ሲጠራ ሲሞኖቭ 16,000 ነበር። ርካሽ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? ባለቤቱ ጥይት አጥቶ ነዋ! ሒሳቡን እንሥራ። ልዩነቱ 7,000 ብር ነው። በእያንዳንዱ ጥይት ግን 65 ብር አብልጣችሁ ትከፍላላችሁ። 108ኛዋ ጥይት ላይ ስትደርሱ ያተረፋችሁት አልቋል። ከዚያ በኋላ እየከሰራችሁ ነው። 108 ጥይት ማን ይጨርሳል የምትሉ ከሆነ እኛ ሠፈር ሰርግ አልመጣችሁም። የአጎቴ ልጅ በእህቱ ሰርግ አሥራ ስምንት ተኮሰ። በክላሽ ስለሆነ 450 ብር። በጊዜው ሦስት ዶሮ ማለት ነው። በኤም ዋን ቢሆን 1,620 ብር፤ አንድ በግ አየር ላይ በተነ። የተተኮሰው ደግሞ ሰማይ አይቀርም፤ የሰው ጣሪያ ላይ ይወርዳል። ሰርግ ላይ መተኮስ ይቅር ብዬ ስንት ጊዜ ተጣላሁ።

እንግዲህ ሲሞኖቭ እና ክላሽ ቀሩ። ሁለቱም አንድ ጥይት ነው የሚበሉት። ቤት ውስጥ ሁለት ጠመንጃ የግድ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ ይሁኑ። አንድ ሳጥን ለሁለቱም ይበቃል። እናቴ እንኳን አትሳሳትም።

አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ ግን ሲሞኖቭ። ክላሽ በ2008 26,000 ብር ነበር፤ ከሲሞኖቭ በ10,000 ይበልጣል። ለምን? ስለተዘፈነለት። ታጣፊው ደግሞ ከባለ ሰደፉ ይወደዳል። ለአንድ ገበሬ ጠመንጃ ቢታጠፍለት ምን ይጠቅመዋል? የት ሊከተው ነው? ማታ ከብት ለሚጠብቅ፣ ጅብ ለሚያባርር ሰው አሥር ጥይት በሆዱ የሚይዘው ሲሞኖቭ ከበቂ በላይ ነው። ተነቃይ ካዝና የለውም፤ ስለዚህ ካዝና አይጠፋም፣ አይጣመምም፣ ተመሳስሎ የተሠራ ካዝናም አይሸጥላችሁም። የአጎቴ ክላሽ ሦስት ካዝና አለው፤ ሁለቱ ጥይት ይነክሳሉ። (ጉማሬ ለመምታት ነው የሚለኝ አለ። እሱን ቡናውን ሳይጨርስ ነው የማስወጣው።)

ክላሽ የግድ ካላችሁ ቁጥሮቹን አነጻጽሩ። ተቀጣጥሎ የተሠራ ሞልቷል። ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ካረጋገጣችሁ በኋላ የጥይቱን የእርሳስ ጫፍ ወደ አፈሙዙ ሰካ አድርጉ። እርሳሱ እስከ ቀለሁ አንገት ድረስ ዘው ካለ አፈሙዙ አልቋል። 26,000 ብር አውጥታችሁ የሚበትን ቱቦ ገዛችሁ ማለት ነው። ይሄ ሙከራ ለሲሞኖቭም ይሠራል።

የጣና ዳር ሰው ሌላ ጠላትም አለው፤ ዝገት። ክረምት ላይ ከሐይቁ የሚነሳው እርጥበት ቤት ውስጥ ይገባል። አባቴ ቤልጅጉን በቆዳ አፎት ነበር የሚያስቀምጡት። ያምራል። ግን ቆዳ እርጥበት ይይዛል። አውጥተን ስናየው አፎቱ የነካው ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ዝገት ሆኗል። ለእድሳት 800 ብር ተጠየቅሁ፤ ሠሪው በአሸዋ ወረቀት ፈትጎ ቁጥሩን ጭምር አጠፋብኝ። ቁጥሩ የጠፋ ጠመንጃ ደግሞ ፈቃድ ቤት ይዞ መሄድ ማለት ራስን መክሰስ ነው። ሦስት ወር ተመላለስኩ። ዝገት ካለ በዘይትና በጨርቅ በትዕግሥት እሹት። ለማንም አትስጡ።

የድሮ ጥይት ስትተኩሱ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይቀራል። ጨው ደግሞ በዘይት አይለቅም። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ ከዚያ ዘይት ቀቡት። የኑግ ዘይትና ቅቤ ግን አይሆንም። ሲከርም እንደ ሙጫ ይይዛል።

በመጨረሻ እኛ ቤት አንድ ሲሞኖቭ ቀረ፤ በታናሽ ወንድሜ ስም። ጥይቱ ጎማ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ፣ ከጠመንጃው ተለይቶ ይቆለፋል። ቤልጅጉን ፈቃድ ላለው ለታላቁ አጎቴ አስተላለፍን፤ እሱ መተኮስ ሳይሆን መወልወል ነው የሚወደው። ውጅግራው የአባቴ ፎቶ ሥር ተሰቅሏል። የብሬኑን አርባ ጥይት ከጣሊያኑ ጋር አስረከብኩ። 2,400 ብሬን ማንም አልመለሰልኝም።

ኤም ዋኑን ደግሞ የአክስቴ ልጅ፣ ያ ቅንድቡ ላይ ምልክት ያለው፣ በ9,000 ካልወሰድኩ ብሎ ሙጭጭ አለ። ይሄን ሁሉ ነግሬዋለሁ። በወረቀት ሒሳቡን ሠርቼ አሳይቼዋለሁ። ፈቃዱን ጨረሰ፣ ወሰደ፣ ደስ አለው።

ወር ሳይሞላው ደወለ።

«አያ፣ ያቺ ስምንቱን የምትይዘው ብረት የት ትገኛለች?»